የአስታዋ የምሥራች

መስከረም 21

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሚስቴ ወርቂቱ ናት። ምላስህን ድረ ገጹ ላይ ከምታሰጣው እዚህ አስጣው፣ እዚህ የሚቀየም ሰው የለም አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስትመክረኝ ኖራ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሯን ተቀበልኩ። ድረ ገጹን ግን አልተውኩም።

ደብተሩም ከማን ጋር እንደሚከርም ይወቅ። አለኸኝ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የመካነ ሰላም ሰው እርስ በርሱ የተካሰሰውን ሁሉ የጻፉት እነዚህ ጣቶች ናቸው። ፊደሉ የት እንዳለ ራሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ ቀና ብዬ ከባለጉዳይ ጋር እየቀለድኩ እነሱ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። አሁን የአስታ ወዳጆች ማህበር ድረ ገጽ አዘጋጅ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን በሽ ነው።

አስታ ከከተማችን በላይ፣ ብርዱ በሚጠናበት ዳገት የምትበቅል ቅጠለ ደቃቃ ዛፍ ናት። ለማገዶ እየተቆረጠች ልታልቅ ስትል እኛ ተሰባስበን መትከልና መጠበቅ ጀመርን። ከደጎሎ፣ ከከላላ፣ ከአጅባር አባላት አሉን። ደንባችን አንድ ነው። የዓመቱን የመጀመሪያ አበባ ያየ አባል ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ እኔ «የምሥራች» ብዬ እለጥፋለሁ፤ አባላት «ምሥር ብላ» እያሉ ይመልሱለታል። ንብ ያለው ሁሉ ያንን አይቶ ነው ቀፎውን በበቅሎ ጭኖ ወደ አስታው የሚያወጣው። ነጩ ማር የሚገኘው ከዚያ ነው። እንግዲህ ከኅዳር በፊት ወይም በኅዳር አንዷ ትፈነዳለች። ከአሁኑ ልቤ ይዘላል።

መስከረም 28

ዛሬ ደብዳቤ መጣ፤ ከባሕር ማዶ! የልጄ ልጅ ሰብሌ አነበበችልኝ። ሰብሌ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ቤት ስትገባም ማስተማሯን አትተውም። ሮዶዴንድሮን የሚባል ዛፍ የሚወዱ ሰዎች ማህበር አላቸው፤ እንደኛው ድረ ገጽና የአባላት ወሬ አላቸው። ገጻችንን አይተው ወደውታል። ዘንድሮ የመጀመሪያዋ አስታ ስትፈነዳ ፎቶዋን ብትልኩልን ለአባሎቻችን እናወጣዋለን ይላሉ።

ምን አገናኛቸው ብላት፣ ሰብሌ አስታና ሮዶዴንድሮን አንድ ቤተሰብ ናቸው አለች። ያቺ በትልልቅ ቀይ አበባ አጊጣ የምትዞር ሀብታም ዘመድ ናት፤ የኛዋ ነጭ፣ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ አበባ ያላት የገጠር እህቷ። ወዲያው «ሀብታም ዘመዶቻችን ተገኙ» ብዬ ለጠፍኩ። እስከ ማታ ስንቱ ሳቀ!

ጥቅምት 3

ዛሬ ደግሞ ራሴን በለጥኩ። ከአባላት የመጡትን ፎቶዎች እየደረደርኩ አንዱን «የማህበሩ አመራር በስብሰባ ላይ» ብዬ አወጣሁት። ለካ ተደርድረው የተቀመጡ ቀፎዎች ናቸው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። የማህበሩ ሊቀመንበር ሼህ አብዱልጀሊል ከሳሎኔ በር ላይ ቆሞ፣ «እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው አልኩት። አብሮ አደጌ ነው፤ ልጆች ቁርአን ያስቀራል፣ ንብ ያረባል፣ እኔን ይታገሣል። ሦስተኛው ይከብደዋል።

ሰብሌ ብቻ አልሳቀችም። አባባ፣ አውቀህ ነው ወይ አለችኝ። ታዲያ ምን መሰለሽ አልኳት።

አውቄ ነው። ማለት፣ አውቄ እንደማደርገው ያለ ነገር ነው።

ጥቅምት 9

መብራት የለም። ስልክ አለቀ። የደጎሎዎቹ አንድ ቅርንጫፍ እንቡጥ ይዟል አሉ። እንቡጥ! ወይ ጉድ፣ እንቡጥ ደርሷል እኮ!

ጥቅምት 14

የዘንድሮ ጭጋግ አልገፍ አለ። ጥቅምት ተጋምሶ ጭጋግ ምን ይሠራል? ወርቂቱን ብጠይቃት ሰማዩ እንደ መስታወት ነው ትላለች። እኔን መቃወም እንደምትወድ የታወቀ ነው።

ላፕቶፑም አርጅቷል፤ ብርሃኑ ደክሟል። በእጅጌዬ ብወለውለውም አልጠራ አለ። ስልክ የሚሠሩትም ሰዎች ፊደሉን በየዓመቱ ያሳንሱታል፤ ቀለም ቆጥበው ምን ሊያደርጉት እንደሆነ እንጃ። ጣቶቼ ግን እንደ ድሮው ናቸው። መጻፍ ላይ ማን ይነካኛል።

ከሰዓት ገበያ ስወጣ ሱቅ በር ላይ ለቆመ ሰው እንዴት ዋሉ ብዬ እጅ ነሣሁ። ካፖርት ነው፣ ለሽያጭ የተሰቀለ። ልጆቹ ተንከባለሉ። ኮፍያዬን ነካ አድርጌለት፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ብዬ ጨምሬ አለፍኩ። ይኸው እስከ አሁን «አያ አለኸኝ ካፖርቱን ጤና ጠየቀው» እየተባለ ነው። በቀልድ የታወቀ ሰው ጥቅሙ ይህ ነው።

ወርቂቱ ደብተሩን ገልጣ አይታ፣ ፊደልህ የበሬ ግንባር አክሏል፣ በዚህ አያያዝህ ደብተሩ እስከ ገና አያደርስህም አለች። አላነበብኩም ትላለች። አንብባለች።

ጥቅምት 20

ፈነዳች! ፈነዳች!

ፎቶው የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። የላከው ሙላው ነው፣ የከላላው፤ ጫካው ጥግ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ዝምተኛ ሰው። ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታ ወጥቶ ስለሆነ ደረሰዎት ወይ ብሎ አይደጋግምም። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ አስታዋ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች። አንድ ቅርንጫፍ መስሎኝ ነበር፣ ዛፏ በሙሉ! ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለው። ሙላው መቼም ሰላምታ ሲጀምር ከብቱንም ዶሮውንም ነው የሚጠይቀው፤ በኋላ እደርስበታለሁ ብዬ አለፍኩት።

የምሥራች ብዬ ለጠፍኩ። «ከላላ ደጎሎን ቀደመች፣ ደጎሎዎች እንቡጣችሁን ቀቅላችሁ ብሉ» ብዬም ጨመርኩ። ለሮዶዴንድሮኖቹም ላክሁላቸው። ወርቂቱን ከመደቧ አስነሥቼ እስክስታ አስወረድኳት፤ ወገቧን እየያዘች ሳቀች።

ያኔውኑ «ምሥር ብላ ሙላው፣ ምሥር ብላ» ዘነበ። አብዱልጀሊል ሲመሽ መጥቶ፣ ዛሬ ሌሊት ቀፎዎቼን እጭናለሁ አለ። አንተ ካልከው ምን እጠብቃለሁ ብሎ በቅሎዋን ሊያዘጋጅ ሄደ።

ጥቅምት 24

አብዱልጀሊል ወርዷል። ቤቴ አልመጣም። የነገረችኝ ወርቂቱ ናት፤ እሷም ከሚስቱ ሰምታ።

ዳገቱ ላይ አበባ የለም። ነጩ ውርጭ ነበር፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ጠፍቷል። ንቦቹ የሚቀስሙት የላቸው፤ ብርዱ ደግሞ ለሦስት ሌሊት ያለ ምሕረት መታቸው። አንዳንዱ ቀፎ ውስጥ ረግፈው ተቆልለዋል። ሌላው ጥሎ ኮብልሏል። ሌሎች የወጡም አሉ፤ የሱን ያህል የተጎዳ ግን የለም፤ እሱ ቀድሞ አምኖ ወጣ።

እራት አልበላልኝ አለ። ወርቂቱ አልጎተጎተችኝም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ።

ጥቅምት 25

ስልኩ ሲንጫጫ ዋለ። ሰዉ ሙላውን ይረግማል። ውርጭ በአበባ ስም የሸጠልን ይሉታል። ቅድሚያ ለማግኘት ብሎ ነው፣ ከማህበሩ ይውጣ የሚሉም አሉ። እኔም «ማህበራችን አባሉ በላከው የተሳሳተ ፎቶ ምክንያት ይቅርታ ይጠይቃል» ብዬ አወጣሁ። የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ ጣቶቼ ለብቻቸው ጻፉት።

«በላከው የተሳሳተ ፎቶ»። ፎቶው ነጭ ነበር። ማንም ቢሆን አበባ ነው ይል ነበር።

ማንም ቢሆን።

ኅዳር 1

ሻይዬ ጨው ሆነብኝ። ወርቂቱ ዕቃ ቦታ ትቀያይራለች።

ሙላው እስከ አሁን አንድ ቃል አልመለሰም። ሲሰድቡት ዝም። ዝም ያለ ሰው አጥፍቶ ነው ብዬ ለሰብሌ ብነግራት፣ አባባ፣ አንተ ዝም ብለህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አላውቅም። እና አንተ አጥፍተህ አታውቅም ማለት ነው ብላ ደብተሮቿን ይዛ ወጣች። ይህችን ልጅ ማን እንዲህ አድርጎ አሳደጋት? እኔ ነኝ።

ዛሬ መናኸሪያው አካባቢ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሽማግሌው በሰው ሐዘን ይቀልዳል እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው፣ ተወው ሱሱ ነው አለ። ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ዞሬ ላያቸው ብል ሁለቱም ጭጋግ ውስጥ ነበሩ።

ፀሐይ ነበረች።

ኅዳር 6

የሙላው መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ፊደሉን በጣቶቼ አሰፋዋለሁ፤ ሲሰፋ ይበልጥ ይደበዝዛል። ሰብሌን አንብቢልኝ ብል አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ግን እስከ ዛሬ ለምን አላነበብከውም ብትለኝስ? ገጹን ከዚያ ማን ይሰጠኛል? ገጹ ከተወሰደብኝ ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ የማንን ስም እያነሣሁ ልሥቅ ነው?

ነገ አነብበዋለሁ። ነገ ብርሃኑ ጥሩ ይሆናል።

ኅዳር 9

አብዱልጀሊል መጣ።

እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ አልቀለደም። ሰላምታውን ሰጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ስለ ንቦቹ ምንም አላለም። ሙላው ቤቴ መጥቶ ነበር አለኝ። መልእክቱን ስልኬ ላይ አስተላልፎልኛል፣ እኔ መነጽሬን ረስቼ ወጣሁ፤ እስቲ አንብብልኝ ብሎ ስልኩን እጄ ላይ አኖረው።

ስልኩን ተቀበልኩ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ። «ለተከበሩ ጋሽ አለኸኝ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከብቱም ልጆቹም ደኅና ናቸው። ዛሬ ጠዋት አስታዋ ፈንድታ ስላገኘኋት ደስታዬን ላካፍልዎ ብዬ ነው» እያልኩ እስከ መጨረሻው ሳልደናቀፍ ወረድኩት። የሙላውን አነጋገር ሳይቀር አስመሰልኩ። ፍርድ ቤት ስንቱን ማመልከቻ ከሰው አፍ ተቀብዬ ጽፌያለሁ፤ ይህ ቢያቅተኝ ይገርም ነበር።

ስጨርስ አብዱልጀሊል ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣

«አለኸኝ፣ የስልኩ ባትሪ ያለቀው ገና ጠዋት ነው» አለኝ።

እንደ ልጅ ሆንኩ። እሱ ግን አልተቆጣም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከክረምቱ በፊት ነው አልኩት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ለራሴም።

መልእክቱን በቃሉ ነገረኝ። እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ጋሼ፣ ውርጩ ባቄላዬን ጨረሰብኝ። አስታዋን እንኳ እንዴት እንዳለበሳት ይዩ። ንብ ያላቸው እንዳይወጡ ይንገሩልኝ።»

ሰውዬው ማሳው በውርጭ ነዶበት እኛን ሊያድነን ኮረብታ ወጥቶ ጻፈ። እኔ የምሥራች አልኩበት። አገሩ ሁሉ ምሥር ብላ አለው። ሙላው ጋሽ አለኸኝ በእህሌ መጥፋት ቀለዱብኝ ብሎ ነው የከረመው። ለዚህ ነው ዝም ያለው። ታላቅ ሰው ሲቀልድብህ ምን ትመልሳለህ?

አብዱልጀሊል ሲወጣ፣ አብሽር፣ ደሴ ይህን የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች አሉ፣ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ አለ። ስለ ንቦቹ አሁንም ምንም አላለም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ከግማሽ በላይ አልቀዋል።

ኅዳር 10

ጻፍኩት። ጣቶቼ እንቢ አሉ፤ የፍርድ ቤት ቋንቋ ሊያመጡብኝ ሲሞክሩ ሦስቴ አጠፋሁት። በመጨረሻ እንዲህ ወጣ፦ «ሙላው ስለ ውርጭ ሊያስጠነቅቀን ጻፈ። መልእክቱን ሳላነብ አበባ ነው ብዬ ያወጣሁት እኔ አለኸኝ ነኝ። ያላነበብኩት ዓይኔ ስለማያይ ነው፤ አለማየቴን የደበቅኩት ገጹን እንዳትወስዱብኝ ነው። የሞቱት ንቦች በእኔ ናቸው። የአመራሩም ፎቶ ቀልድ አልነበረም፤ እውነት መስሎኝ ነው።»

ሰብሌ አነበበችልኝ። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። ለጠፍነው።

መጀመሪያ የመጣው መልስ፣ «አያ አለኸኝ ደግሞ አዲስ ቀልድ አመጡ» የሚል ነበር። ቅጣቴ ይህ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ አባላት አብዱልጀሊል ግቢ ተሰበሰቡ። ሙላውም መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ድምፁን ሰምቼ ነው ያወቅሁት። አባቶች እንደሚያደርጉት ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቀው ተነሣሁ። ጎንበስ ብዬ ትልቁን መረጥኩ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ወደ ድምፁ ሄድኩ። ቀለለኝ። እግዜር ሸክሜን አቀለለልኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ሙላው ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያውርዱት፤ ኩበት ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ማን ይቆጣጠረው። አብዱልጀሊል ግድግዳ ይዞ አለቀሰ ከሳቅ ብዛት። ሙላው ራሱ ያ ዝምተኛ ሰው ተንፈቅፍቆ ኩበቱን ከማጅራቴ አነሣልኝ፣ ጋቢዬን አራገፈልኝ፣ ጉልበቴን ሊስም ሲል እኔ ቀድሜ ጫማው ላይ ወደቅሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር አለኝ። ሲሰድቡት የከረሙትም አንድ በአንድ እየመጡ ይቅርታ ጠየቁት።

ዱአ ተደረገ። የደጎሎዎቹ ለሙላው የባቄላ ዘር እናመጣለን አሉ። እኔ ገጹን ለሰብሌ አስረክባለሁ ብል፣ አብዱልጀሊል ከደሴ ስትመለስ እንነጋገራለን ብሎ ቆረጠው። እስከዚያ ሰብሌ ትይዘዋለች። አንድ ደንብም ተጨመረ፦ ማንኛውም ወሬ ለሌላ ሰው ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይለጠፍም።

ኅዳር 20

ደሴ ነኝ። በዳሰሳ ነው የምጽፈው፣ መስመሩ ተደራርቦ እንደሆነ እንጃ። ቀኝ ዓይኔ ታሽጓል። አላመመኝም። አብዱልጀሊል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይነግረኛል፤ ያጋንናል መሰለኝ፤ ሐኪሙ ሁሉ ቆንጆ ነው ይላል።

ነገ ማሸጊያው ይነሣል።

ኅዳር 21

ኧረ ቀለም! ኧረ ቀለም! ግድግዳው አረንጓዴ ነው። የአብዱልጀሊል ጢም እንዲህ የነጣው መቼ ነው? ስነግረው፣ አንተ ውርጭ ነው ብለህ እንዳታወጣው አለኝ።

ኅዳር 25

ቤቴ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ከአቀስታ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ መጣሁ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ዛላ ለብቻው ይታያል።

ወርቂቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አየኋት። አርጅተሻል እኮ አልኳት። አንተ መስታወት እስክታይ ልታገሥህ አለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀስ ብዬ ገለጥኩት፤ ገና አይቼ አልጠገብኩም ነበር።

ጨው ከስኳሩ ጎን ነው። ቦታው አልተቀየረም።

ኅዳር 29

ዳገቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። የሮዶዴንድሮኖቹ ሰዎች መልስ ጻፉ፤ ውርጭ የለበሰች አስታ አይተን አናውቅም፣ እሷንም እናወጣታለን፣ አበባዋን ግን እንጠብቃለን ይላሉ። ሰብሌ ገጹን አልመለሰችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ፎቶዎቹን ግን አያለሁ። የቀፎዎቹን ፎቶ ደግሜ አየሁት። እውነትም አመራሩን ይመስላል።

ታኅሣሥ 3

ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሙላው ነው። መነጽሬን አደረግሁና ከጽሑፉ ጀመርኩ። እያንዳንዷን ፊደል አነበብኩ።

«የምሥራች ጋሼ። ውርጭ እንዳይመስልዎ፣ ንቧን ይዩልኝ።»

ከዚያ ፎቶውን አየሁ። አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ናት። ደቃቅ ነጫጭ ደወሎች፣ ጫፋቸው ላይ ቡናማ ነገር አላቸው፤ ይህን ዕድሜዬን ሁሉ ልብ አላልኩትም ነበር። መሐላቸው አንዲት ንብ ጭንቅላቷን ቀብራ ጀርባዋ ብቻ ይታያል።

በደንቡ መሠረት ለወርቂቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ሰብሌ ከክፍሏ ወጥታ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠችና፣ አባባ፣ ይህቺን አንተ ለጥፋት አለች። ከመለጠፌ በፊት ግን ለሙላው ጻፍኩለት፦ «ምሥር ብላ።»

ሲመሽ አብዱልጀሊል መጣ። በቅሎዋን ይዟታል፤ የተረፉት ቀፎዎች በጨርቅ ተሸፍነው ተጭነዋል፣ ውስጣቸው ይጉረመረማል። በር ላይ ቆሞ፣

«በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

ሌላ አልጠየቀም። ልጓሙን ሳብ አድርጎ ዳገቱን ያዘ። ኮቱን ገልብጦ እንደለበሰ አይቻለሁ። አልነገርኩትም፤ ንቦቹ አያሙትም።